አያ ሽበሺና በሦስት ቁልፍ የተቆለፈው ደንብ

ስለ አያ ሽበሺ ወሬ ሲነሣ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀማዋል። ይህም እንደዚያው እየተቀማማ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ነው፤ ጎደለ የሚል ካለ ይሙላው።

አያ ሽበሺ የዝግባ ሰፈር እድር ጡሩምባ ነፊ ነበር። አገሩ ገና በፊታውራሪና በግራዝማች በሚጠራራበት ዘመን ነው። ሰው ሲሞት በማለዳ ተነሥቶ በየደጁ እየዞረ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ይናገራል። ሐዘኑ ሲያልቅ ደግሞ ድንኳን ይነቅላል፣ ገመድ ይጠቀልላል። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ከወታደር ቤት የተረፈች ኮት አለችው፣ ከአምስት ቁልፏ ሁለቱ ብቻ የቀሩላት። ሲናገር ፊቱ አይስቅም። የሚስቀው ሌላው ሰው ነው።

እድሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው። በአንድ ወፍራም መዝገብ ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መዝገቡ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሣጥኑ ራሱ ደግሞ በእድሩ ሰብሳቢ በፊታውራሪ አመኑ አልጋ ሥር ነው። ሰዉ ሁሉ በተነሣ በተቀመጠ ቁጥር «በደንቡ መሠረት» ይላል፤ ደንቡን ያየው ግን የለም ማለት ይቻላል።

፩

የልብስ ሰፊው የወንድይራድ ቀብር ያማረ ነበር። እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነቀል የእድሩ ጸሐፊ መሪጌታ ልሳነወርቅ ወደ ሚስቱ ወደ ትርንጎ ጠጋ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ትርንጎ ልጇን አዝላ የእድሩን ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። እንግዲህ ስማችሁ ከእድሩ ተሰርዟል።»

«ምን አጠፋሁ አባቴ?»

«ምንም አላጠፋሽም፤ ባልሽ ሞተ። አንቀጽ ሦስት ‹አባል ማለት አባወራ ነው› ይላል። አባወራ ከሌለ አባል የለም።»

ትርንጎ ወደ ጓዳው በር ዞር አለች። እናቷ እማማ ደብሪቱ እዚያ ከተኙ ስድስት ወራቸው ነው፤ አጥሚት እንኳ በማንኪያ፣ በልመና ነው የሚቀምሱት። «ታዲያ እናቴ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይቀብርልኛል? ድንኳንስ ማን ይጥልልኛል?»

«ደንብ ነው» አሉ ፊታውራሪ አመኑ ከወንበራቸው ሳይነሡ።

ገመድ ሲጠቀልል የነበረው አያ ሽበሺ ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ ይህን ደንብ አንብበውታል?»

«ደንብ ይከበራል እንጂ ይነበባል እንዴ?»

«እንግዲያማ እኔም ከነገ ጀምሮ ጡሩምባውን አከብረዋለሁ እንጂ አልነፋውም!»

ድንኳን የሚነቅለው ሰው ሁሉ ካስማውን እየጣለ ሳቀ። ትርንጎ በሐዘን ቤቷ መሳቅ አሳፍሯት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሆኖም «እስቲ ይነበብ» የሚል ድምፅ ከወዲያም ከወዲህም መጣ።

፪

ይነበብ ቢባልም ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ ነው። አንዱን ፊታውራሪ፣ አንዱን መሪጌታ፣ ሦስተኛውን ገንዘብ ያዡ አቶ እጅጉ ይዘዋል። አቶ እጅጉ ጎተራቸው የሞላ ሰው ናቸው፤ ግን እንግዳ ከመጣ በጓሮ በር ወጥተው የሌሉ የሚመስሉ ዓይነት። ሴት ልጃቸውን ሲድሩ «ድግሱን በኋላ በሰፊው እደግሳለሁ» ብለው ሰፈሩን አስጎምጅተው ነበር። ሙሽሪት ሦስት ልጅ ወለደች፤ ድግሱ ገና ነው።

አያ ሽበሺ ቁልፉን ሊቀበል ቢሄድ አቶ እጅጉ በሩን በግማሽ ከፍተው በስንጥቁ አነጋገሩት።

«አልሰጥም። መዝገብ በተገለጠ ቁጥር ያልቃል። ሠላሳ ዓመት የቆየልን ማንም ስላልነካው ነው።»

«እውነትዎን ነው አቶ እጅጉ፤ የልጅዎም የሰርግ ድግስ እስከ ዛሬ ያላለቀው ማንም ስላልነካው ነው።»

ቁልፉ በስንጥቁ በኩል ወጣ።

፫

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ከትልቁ ዝግባ ሥር ተሰበሰቡ። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ራቅ ብለው ከአጥሩ ጥግ ተቀመጡ፤ ትርንጎም ልጇን እያጠባች ከመካከላቸው ነበረች። መሪጌታ ልሳነወርቅ መዝገቡን ገለጡት። ደንቡን የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ግማሹን በግእዝ፣ ግማሹን ደግሞ ከግእዝም በሚከብድ አማርኛ። አንቀጽ አንድን በአንድ ትንፋሽ ጀመሩና የዝግባው ጥላ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ድንጋይ እስኪሻገር አነበቡ። አቶ እጅጉ አንቀላፉ።

መሪጌታ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያልገባው አለ?»

ማን ደፍሮ አልገባኝም ይላል? ሰው ሁሉ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መሪጌታ ጠርጠር አደረጉና ዓይናቸው አያ ሽበሺ ላይ ዐረፈ።

«እስቲ ሽበሺ፣ ለጉባኤው ባጭሩ አስረዳልኝ።»

አያ ሽበሺ ተነሣ፣ ሁለቱን የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ፣ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ወገኖቼ፣ መሪጌታ ያሉት ‹ዝም በሉ› ነው።»

መሪጌታ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ሳቃቸው ቀደማቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ አንቀጽ ባነበቡ ቁጥር «ማለትም» እያሉ በሰው አነጋገር ያስረዱ ጀመር። ሰዉም ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ደንቡን ሰማ። ለቅሶ የመጣ ሰው በቅሎውን ከድንኳኑ በስተግራ ይሰር ይላል፤ በሰፈሩ አንዲትም በቅሎ ከጠፋች ቆይቷል። እያንዳንዱ አባል ሁለት ችቦ ያምጣ ይላል፤ ፋኖስ ከገባ ስንት ጊዜው። አንቀጽ ሦስትም ቁልጭ ብሎ አለ። ትርንጎ እስከዚያች ሰዓት ድረስ መሪጌታ ተሳስተው ይሆናል የሚል ትንሽ ተስፋ ነበራት። ቃሉን በጆሮዋ ስትሰማ ልጇን ከጡቷ አላቀቀችና አዘለችው።

፬

ፊታውራሪ አመኑ የደንቡ መነበብ አልጣማቸውም። «አንብቡ አላችሁ፣ ተነበበ። እንግዲህ የተጻፈው ሁሉ ይፈጸማል!» ብለው ፎከሩ።

ነሐሴ ላይ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመሄድ ወንዝ መሻገር አለ። ደንቡ ሲጻፍ ድልድይ ስላልነበረ «አስከሬን በታችኛው መልካ በእግር ይሻገራል» ይላል። ድልድዩ ከተሠራ ዐሥር ዓመት ሆኖታል፤ ሰዉ ያን ሁሉ ዓመት በድልድዩ ሲሄድ ደንብ መጣሱን አላወቀም። ፊታውራሪ አዲስ ካባቸውን ደርበው ከመንገዱ መካከል ቆሙ።

«በመልካው!»

ወንዙ ሞልቶ ግንድ ያንከባልላል። ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አያ ሽበሺ ቆቡን አወለቀ።

«እሺ ጌታዬ። ደንቡ ‹ሰብሳቢው ከአስከሬኑ ፊት ይቀድማል› ይላልና እርስዎ ይግቡ፤ ጥልቀቱን በእርስዎ እናየዋለን።»

ፊታውራሪ ወንዙን አዩ፣ ካባቸውን አዩ። «ድልድዩም ያው መልካ ነው» አሉና ቀድመው በድልድዩ ሄዱ።

፭

ትርንጎ አቤቱታዋን አስጽፋ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄደች። በሰው ፊት መናገር ስላልለመደች አያ ሽበሺ ተከተላት። ማክሰኞ ቢሄዱ «ዛሬ ችሎት የለም» ተባሉ፤ ረቡዕ ተመለሱ። ዳኛው አቤቱታውን በአንድ ዓይናቸው አይተው ቀና አሉ።

«በቤትሽ አባወራ አለ?»

«ሞቷል ጌታዬ።»

«ታዲያ በቤቱ የሚያዝዘው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«በቃ! ሴት የምታዝዝበት ቤት አባወራ የለውም። አባወራ የሌለው ቤት የእድር አባል አይደለም። ደንባችሁ ግልጽ ነው።»

አያ ሽበሺ እጅ ነሣ። «አንድ ነገር ልጠይቅ ይፈቀድልኝ ጌታዬ። ትናንት ችሎት ያልዋሉት አሞዎት ነበር?»

«የለም፣ ደኅና ነኝ። ወይዘሮዋ ገበያ ስትወጣ ‹ስጡን ጠብቅ› ብላኝ ነው፤ ዶሮ አላስቀምጥ ብሎ» አሉ ዳኛው ሳያስቡት።

«እንግዲያስ ጌታዬም ከእድር መሰረዝዎ ነው!»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛው ራሳቸው ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ፋይሉን ዘጉ። «የሰው ማኅበር ደንብ እኔ አልቀይርም። ያወጣው ጉባኤ ያሻሽለው። ሂዱና ተሰብስባችሁ አሻሽሉት» ብለው አሰናበቷቸው። በመንገድ ላይ ትርንጎ ስትስቅ ልጇ ከጀርባዋ ነቃ።

፮

ደንብ ይሻሻላል የሚባል ነገር እንዳለ ሰፈሩ ያወቀው ያኔ ነው። ፊታውራሪ ግን አበዱ።

«አባቶች ያጸኑትን ማን ይነካል? ያን ደንብ ያወጣን ለት አእምሯችን እንደ ምላጭ ነበር! በዚያ ዓመት ያደረግነው ሁሉ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው!»

«እውነት ነው ጌታዬ» አለ አያ ሽበሺ። «በዚያው ዓመት ከጠጅ ቤት ሲወጡ የመሪጌታ በቅሎ የእርስዎ መስላዎት እስከ ማርቆስ ደብር ጋልበዋት ነበር፤ እሱንም እናጽናው?»

መሪጌታ ያቺ በቅሎ ማን ጋ እንደ ከረመች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጠይቁ ኖረው፣ ያን ቀን አወቁ።

፯

አያ ሽበሺ በየሳምንቱ እማማ ደብሪቱን ይጠይቃል። አንድ ቀን ቢገባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ትርንጎ ኩባያውን ይዛ ከራስጌያቸው ተቀምጣለች፤ አጥሚቱ ቀዝቅዞ ቆዳ አበጅቷል።

«ሽበሺ፣ ደንቡ ምን ደረሰ?»

«ገና ነው እማማ።»

«እኔስ ደከመኝ ልጄ። ዛሬ ብሞት ምን ይለኛል?»

«ኧረ ዛሬማ አይሆንም! ዛሬ ከሞቱ ከደንብ ውጭ ነው።»

የአሮጊቷ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ትርንጎ አለቀሱ ብላ ብትደነግጥ እየሳቁ ነው።

«አንቺ ትርንጎ፣ ያን አጥሚት ሞቅ አድርገሽ ወዲህ በይው» አሉ። ኩባያውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጡት።

፰

ፊታውራሪ ነገሩ እንደ ከረረ አዩና ዕርቅ ይሻላል አሉ። የአጎታቸውን ልጅ ባላምባራስ ጓንጉልን ይዘው ትርንጎ ቤት መጡ። ባላምባራስ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሦስት ጥርስና አንድ ከዘራ አላቸው፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል።

«መላ አመጣሁልሽ ልጄ» አሉ ፊታውራሪ። «ባላምባራስን አግቢ። አባወራ አገኘሽ፣ አባል ሆንሽ፣ ደንቡም ሳይነካ ቀረ።»

ትርንጎ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ ግን ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ ለድንኳን ብዬ ባል አላገባም» አለች። እንዲህ ብላ በሰው ፊት ስትናገር የሰማት አልነበረምና ከጓዳ እማማ ደብሪቱ «እሰይ!» አሉ።

«ባላምባራስ ምን ጎደላቸው?» ተቆጡ ፊታውራሪ። «አንተስ ሽበሺ፣ ምን ትላለህ? ከድንኳን ያንሳሉ?»

አያ ሽበሺ ባላምባራስን ከእግር ጥፍራቸው እስከ ራስ ጠጉራቸው አያቸው።

«ከሁለቱ ድንኳኑ ይሻላታል ጌታዬ፤ ድንኳን ሲያረጅ ይጣፋል።»

ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ባላምባራስ ናቸው። ምን እንደ ተባለ ግን አልሰሙም።

፱

በጥቅምት አባላቱ ዳግመኛ ከዝግባው ሥር ተሰብስበው አንቀጽ ሦስት «አባል ማለት አባወራ ወይም እማወራ ነው» ተብሎ ይስተካከል አሉ። መሪጌታ ብዕራቸውን ቀለም ነከሩ። በዚህ ጊዜ ፊታውራሪ ጣታቸውን በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ተከሉ።

«ቆይ! ይህችን አንብብ።»

በመጀመሪያው ንባብ ቀን ሰዉ ርቦት ስለ ተበተነ ያቺ ገጽ ሳትነበብ ቀርታ ነበር። መሪጌታ አነበቡ፤ «ይህ ደንብ የሚሻሻለው ሃያ አራቱ መሥራቾች በአንድ ስፍራ ተገኝተው፣ ከእነርሱ አንድ ተቃዋሚ እንኳ ሲጠፋ ብቻ ነው።»

ከሃያ አራቱ በሕይወት ያሉት ፊታውራሪ፣ መሪጌታና አቶ እጅጉ ናቸው። ሃያ አንዱ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ካረፉ ቆይተዋል።

«በል እንግዲህ ሽበሺ» አሉ ፊታውራሪ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ጠሪ አንተ አይደለህ? ሰብስባቸው!»

አያ ሽበሺ ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ከሰዉ ቀድሞ ሄደ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። ትርንጎ ቤቷ ስትገባ እናቷ «ደንቡ ምን ደረሰ?» ብለው ጠየቋት፤ «ሊያልቅ ነው እማዬ» ብላ ዋሸች። እማማ ደብሪቱ ግን እውነቱን ከፊቷ አነበቡት፤ በዚያ ሳምንት አጥሚቱንም ተዉት።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጡሩምባው ተነፋ። ሰው ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ወጣ፤ የትርንጎንም በር ያዩ ነበሩ። አያ ሽበሺ በየደጁ እየዞረ ይለፍፋል፤

«የእድሩ መሥራቾችና አባላት፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ በማርቆስ አጸድ ስብሰባ አለ! እዚያ ያላችሁ ባላችሁበት ቆዩ፣ የቀራችሁ ኑ!»

እሑድ አጸዱ ሞላ። ሴቶቹ የሚርቁበት አጥር ስላልነበረ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅለው ቆሙ። ፊታውራሪ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ጋር መጥተዋል፤ ወይዘሮዋ ጥላ ይዘዋል። መሪጌታ የመሥራቾቹን ስም ከመዝገቡ ይጠሩ ጀመር፤ አያ ሽበሺ በመቃብሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ይመልሳል።

«ግራዝማች ተክሌ?»

«አሉ!»

«አቶ ይመር?»

«አሉ፤ ከዚህ ወዲያ አይርቁም።»

«አቶ ዳምጤ?»

«አሉ። በሕይወት ሳሉ ስብሰባ ያረፍዱ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሁላችሁ ቀድመዋል።»

የአቶ ዳምጤ ልጆች እየሳቁ የአባታቸውን መቃብር ድንጋይ ዳበሱት። ሃያ አራቱ ሞሉ። መሪጌታ «በአንድ ስፍራ ተገኝተዋል» ብለው ጻፉ።

ፊታውራሪ አመኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ በሕይወት አለሁ፤ እኔ እቃወማለሁ» አሉና እጃቸውን ያነሡ ጀመር።

አያ ሽበሺ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሁሉም በሚሰማበት ልክ ብቻ ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤

«ይቃወሙ ጌታዬ፣ መብትዎ ነው። ብቻ እርስዎ ከእነዚህ ጎን የተኙ ለት፣ በአራተኛው ቀን እመቤቴን ‹ስምዎ ተሰርዟል፣ ከድንኳኑ ይውጡ› የሚላቸውን ሰው አሁኑኑ ይሹሙልን።»

ወይዘሮ አሰገደች ጥላቸውን አጠፉና ወደ ባላቸው ዞሩ። ፊታውራሪ ያነሡትን እጅ ባርኔጣቸው ላይ አድርሰው፣ ባርኔጣውን አስተካክለው መለሱት። አቶ እጅጉ ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መሪጌታ እጃቸው ብዕር ይዟል።

«ይሁን፣ ሦስታችን ዝም አልን» አሉ ፊታውራሪ፣ አሁንም እልሁ አልለቀቃቸውም። «ሃያ አንዱስ? አለመቃወማቸውን በምን ታውቃለህ?»

አያ ሽበሺ ጡሩምባውን አንድ ጊዜ በረጅሙ ነፋና ወደ መቃብሮቹ ዞረ።

«የምትቃወሙ መሥራቾች፣ እጃችሁን አንሡ! መሪጌታ፣ እርስዎ ደግሞ የተነሣ እጅ ካዩ ይሩጡ እንጂ እንዳይቆጥሩ!»